140,000 ኪሎ ሜትር የቆየ የካምቢዮ ዘይት ይቀየር ወይስ ይቅር?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መኪናዬ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል ስትሆን 140,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የሞተር ዘይቷን በጊዜው እቀይራለሁ፤ የካምቢዮዋ ዘይት ግን በእኔ እጅ ከገባች ወዲህ ተነክቶ አያውቅም። ሰሞኑን ጠዋት ከ1ኛ ወደ 2ኛ ማርሽ ሳስገባ የመፋጨት ድምፅ ታሰማለች፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ይተዋታል። አንዱ መካኒክ ካልፈሰሰ አትንካው፣ የቆየ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል አለኝ። ሌላው ውስጡ በናፍጣ ታጥቦ ወፍራም 140 ዘይት እንዲሞላበት መከረኝ። ዘይት ሻጩ ደግሞ ጂኤል-5 ከጂኤል-4 ይበልጣልና እሱን ውሰድ ይላል። ማንን ልስማ?»

ሦስቱንም አይስሙ። ዘይቱ ይቀየር፤ ነገር ግን በናፍጣ አይታጠብ፣ 140 አይሞላበት፣ ጂኤል-5ም ቁጥሩ ስለሚተልቅ ብቻ አይገዛ። የሚሞላው የመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ በስምና በውፍረት የጠቀሰው ዘይት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሁለት ደቂቃ ፍተሻ አለ፤ ምክንያቱም የ2ኛ ማርሽዎ ድምፅ ጨርሶ ከዘይት ጋር ላይገናኝ ይችላል።

«የቆየ ዘይት አይነካም» የሚለው አባባል ከአውቶማቲክ ካምቢዮ የተወሰደ ነው። በአውቶማቲኩ ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። እያለቁ ሲሄዱ የሚረግፈው ብናኝ በአሮጌው ዘይት ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ያለቁት ዲስኮች እንዳይንሸራተቱ የያዛቸው ያ ብናኝ ነው፣ አዲስ ዘይት ከገባ መንሸራተት ይጀምራሉ የሚል ክርክር አለ። እዚያም ቢሆን ነገሩ አከራካሪ ነው። ማንዋል ካምቢዮ ላይ ግን የሚያከራክር ነገር የለም። ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፤ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ለብቻው ተቀምጧል፤ የካምቢዮው ዘይት አይነካውም፤ ከነካውም የዘይት ማገጃው ጎማ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጥርሶችና ኩሽኔታዎች በቆሻሻ ታግዘው የሚሠሩበት መንገድ የለም። ዘይቱ በተቀየረ በሳምንቱ የሞተ ማንዋል ካምቢዮ ካጋጠመዎ ገዳዩን ከሦስቱ በአንዱ ያገኙታል፦ የተሳሳተ ዘይት ገብቷል፣ ዘይቱ ጎድሎ ተሞልቷል፣ ወይም ሕመሙ ከመቀየሩ በፊት የጀመረ ነበር። ብዙ ባለቤቶች ዘይቱን ለማስቀየር የሚነሱት ካምቢዮው መጮህ ከጀመረ በኋላ መሆኑን ሲያስቡ ሦስተኛው ለምን እንደሚበዛ ይገባዎታል።

የካምቢዮ ዘይት የሚረሳው ቶሎ ስለማይጠቁር ይመስለኛል። የሞተር ዘይት ከቃጠሎ ጋር ስለሚኖር በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠቁራል። የካምቢዮው እሳት አያይም፣ ጥላሸትም አይገባበትም። ይሁን እንጂ የሞተር ዘይት ያለው አንድ ነገር እሱ የለውም፤ ማጣሪያ። በአብዛኞቹ ማንዋል ካምቢዮዎች ውስጥ ቢገኝ አንድ ትንሽ ማግኔት ነው፤ እሱም ብረትን እንጂ ነሐስን አይዝም። ባለፉት 140,000 ኪሎ ሜትሮች ከጥርስ፣ ከኩሽኔታና ማርሽ ሲገባ ፍጥነት ከሚያስተካክለው ቀለበት (ሲንክሮናይዘር) የተፋቀው ሁሉ እዚያው ውስጥ አብሮ እየዞረ ነው። ሙቀት ዘይቱን ያስረጀዋል። ጥርስ ከጥርስ ሲጋጠም ለዘይቱ ውፍረት የሚሰጡትን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይቆራርጣቸዋል። የጥርሶቹን ገጽ ከመላላጥ የሚጠብቁት ቅመሞች ሥራቸውን በሠሩ ቁጥር ያልቃሉ። ካምቢዮው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም በመተንፈሻው በኩል አየር ያስወጣል፣ ያስገባል፤ ከአየሩ ጋር እርጥበት ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በጥቂት ዘይት ውስጥ ነው፤ የአብዛኛው የቤት መኪና ካምቢዮ ከ1.5 እስከ 3 ሊትር ቢይዝ ነው።

አንዳንድ አምራቾች «ለዕድሜ ልክ የተሞላ» ብለው መጻፋቸው እውነት ነው። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይናገሩም። እኔ የምረዳው የዋስትናው ዘመንና ከዚያ ጥቂት የሚዘልቅ ጊዜ ማለታቸው እንደሆነ ነው። መኪናዋን 300,000 ኪሎ ሜትር ሊነዳት ያሰበ ሰው ያንን ጽሑፍ እንደ ፈቃድ ባይቆጥረው ይሻለዋል።

አሁን ወደ 2ኛ ማርሽዎ። በካምቢዮው ውስጥ ወደ ፊት የሚያስኬዱት ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው። ማርሽ ሲያስገቡ የሚንቀሳቀሰው ጥርሱ ሳይሆን ጥርሱን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፈው ክፍል ነው። ዘንጉና ጥርሱ በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ለመቆለፍ ቢሞክሩ ይፋጫሉ፤ እርስዎ የሚሰሙት ድምፅ ይህ ነው። እንዳይፋጩ የሚገላግላቸው ሲንክሮናይዘር የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከነሐስ የሚሠራው ቀለበት ነው። የቀለበቱ የውስጥ ገጽ እንደ ቀፎ አፍ ከአንድ ወገን ሰፋ፣ ከሌላው ጠበብ ያለ ነው፤ በላዩም ላይ በጣት ጥፍር ሲዳስሱት የሚጎረብጡ ቀጫጭን መስመሮች ተቆርጠውበታል። እጅዎ ማርሹን ሲገፋ ቀለበቱ በጥርሱ አንገት ላይ ይጫናል፤ መስመሮቹ በመካከል ያለውን ዘይት ገፈው ያስወጡታል፤ ነሐሱ ብረቱን ጨብጦ ይይዘዋል፤ በዚያ ሰበቃ የሁለቱ ፍጥነት ይስተካከላል፤ መቆለፊያው የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ነገር የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ያስቡት። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከወፈረ በዚያች ቅጽበት ተገፎ አይወጣም፤ ቀለበቱ ብረቱን ከመያዙ በፊት መቆለፊያው ይደርሳል። ዘይቱ ከመጠን በላይ አንሸራታች ከሆነ ደግሞ ተገፎ ቢወጣም እንኳ ነሐሱ ብረቱን አይጨብጥም። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ድምፁ ግን አንድ ነው። 2ኛ ማርሽ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያማርረው በ1ኛና በ2ኛ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ሰፊ ስለሆነና ቆም ሄድ በሚበዛበት አነዳድ ያለ ዕረፍት የሚሠራው እሱ ስለሆነ ነው። የእርስዎ ድምፅ ሲቀዘቅዝ ተሰምቶ ሲሞቅ መጥፋቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቀለበቱ ጨርሶ አልቆ ቢሆን ኖሮ ሲሞቅም አይተውዎትም ነበር።

ስለዚህ 140 መሙላት የሚያመውን ማባባስ ነው። የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር በሆነው በኤስኤኢ የማርሽ ዘይት መለኪያ 90 የሚባለው ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ ውፍረት አለው፤ 140 ደግሞ ከ24 እስከ 32.5። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ ሲሞቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ይከፋል። «ደብሊው» የተጨመረበት ቁጥር የሚናገረው ስለ ብርዱ ነው፦ 75ደብሊው ዘይት ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ፣ 80ደብሊው ከዜሮ በታች እስከ 26፣ 85ደብሊው ግን ከዜሮ በታች እስከ 12 ዲግሪ ብቻ ነው ከተፈቀደው የውፍረት ጣሪያ ሳያልፍ የሚቆየው። ወፍራም ዘይት የሚያስገኘው አንድ ጥቅም የኩሽኔታን ጩኸት ለጥቂት ጊዜ ማፈን ነው፤ ያገለገለ መኪና አሳምሮ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ይህን ዘዴ በሚገባ ያውቀዋል። በዚህ አጋጣሚ የማርሽ ዘይትን ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር አያምታቱ። የማርሽ 90 ከሞተር 40 ወይም 50 ጋር ተቀራራቢ ውፍረት አለው፤ ቁጥሩ የሚተልቀው መለኪያው ሌላ ስለሆነ ብቻ ነው።

የዘይት ሻጩ ስህተት ከሁሉም የተስፋፋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያወጣቸው የአገልግሎት ምድቦች ናቸው። አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጠ ደረጃ አይደለም፤ የሥራ ክፍፍል ነው። ጂኤል-5 የተዘጋጀው በዋናነት ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ በሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ውስጥ ለሚገኙት ሃይፖይድ ለሚባሉ ጥርሶች ነው። እነዚህ ጥርሶች የትንሹ መሃል ከትልቁ መሃል ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ በከባድ ጭነት ይጋጠማሉ። ያንን ግፊት የሚችል ሽፋን እንዲፈጥር ዘይቱ ውስጥ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ይጨመራል፤ መጠኑም ከጂኤል-4 እጥፍ ያህል ነው። ጣሳውን ሲከፍቱ የሚሸትዎት የተበላሸ ዕንቁላል የመሰለ ሽታ የዚያ ድኝ ነው።

ድኝና መዳብ አይዋደዱም፤ ነሐስ ደግሞ አብዛኛው አካሉ መዳብ ነው። ዘይት አምራቾች ይህን የሚፈትኑበት ቀላል ዘዴ አላቸው፦ የተወለወለ የመዳብ ቁራጭ በጋለ ዘይት ውስጥ ለሰዓታት ይዘፈቃል፤ ከወጣ በኋላ ቀለሙ ከመለኪያ ሰሌዳ ጋር ይነጻጸራል፤ 1 ማለት በጥቂቱ ደብዝዟል፣ 4 ማለት ተበልቷል ነው። ዛሬ የሚሠሩ ብዙ ጂኤል-5 ዘይቶች በዚህ ፈተና ከድሮዎቹ ይሻላሉ፤ ስለዚህ «ጂኤል-5 ነሐሱን በወር ይበላዋል» የሚለው ማስፈራሪያ የተጋነነ ነው። ሁለተኛው ችግር ግን አለ። ለሃይፖይድ ጥርስ ጥሩ የሆነው ጠንካራ አንሸራታች ሽፋን፣ መጨበጥ ለሚፈልገው ሲንክሮናይዘር እንቅፋት ነው። ጂኤል-4 በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ ጂኤል-5 ሞልተው «ማርሹ እንቢ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ምንም የተሰበረ ነገር የለባቸውም፤ ትክክለኛው ዘይት ሲገባ ይስተካከልላቸዋል።

ይህ ማለት ጂኤል-5 በካምቢዮ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም ማለት አይደለም። የፊት ዲፈረንሻላቸው ሃይፖይድ ሆኖ ከካምቢዮው ጋር አንድ ዘይት የሚጋራ መኪኖች አሉ፤ ማንዋል ሱባሩዎች የዚህ ዓይነት ስለሆኑ 75ደብሊው-90 ጂኤል-5 ይጠይቃሉ። ሞተራቸው በወርድ የተቀመጠ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖች ደግሞ ዲፈረንሻላቸው ከካምቢዮው ጋር ቢሆንም ጥርሱ ሃይፖይድ ስላልሆነ ጂኤል-4 ይበቃቸዋል። አንዳንድ ካምቢዮዎች የአውቶማቲክ ዘይት፣ አንዳንዶቹ አምራቹ በራሱ ስም የሚያዘጋጀውን ቀጭን ዘይት፣ የተወሰኑ አሮጌ ሞዴሎች ደግሞ የሞተር ዘይት ይጠይቃሉ፤ የድሮዋ ሚኒ ሞተርና ካምቢዮዋ አንድ ዘይት ይጋሩ ነበር። ለዚህ ነው የጎረቤት መኪና ምን እንደተሞላ መጠየቅ የማይጠቅመው። «ጂኤል-4/ጂኤል-5» ብሎ ሁለቱንም የሚጠቅስ ጣሳ ካዩ፣ መጽሐፍዎ ሁለቱንም የሚፈቅድ ካልሆነ በስተቀር ይለፉት። መጽሐፉ ጂኤል-4 ካለ፣ ጂኤል-4 ብቻ የሚል ይግዙ።

ዘይቱን ከመግዛትዎ በፊት ፍተሻው ይኸው። መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ይርገጡና አምስት ስድስት ሰከንድ ይቆዩ፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ ያስገቡ። ከፋጨ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ እግርዎ ወለሉ ላይ ቢሆንም የካምቢዮው ዘንግ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ነው። ያኔ የሚታየው የፍሪሲዮኑ ማስተካከያ፣ ገመዱ ወይም ዘይቱ ነው፤ የፍሪሲዮን ዘይት ደግሞ ብዙ ጊዜ የፍሬን ዘይት ስለሆነ ከካምቢዮው ዘይት ጋር አንድ አይደለም። የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ከገባ ወደ ሁለተኛው ሙከራ ይለፉ። ጠዋት ድምፁ በሚሰማበት ሰዓት ከ1ኛ ወደ 2ኛ ሲሄዱ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ወደ ዜሮ ማርሽ ያውጡ፣ እግርዎን ይልቀቁ፣ ትንሽ ቆይተው እንደገና ረግጠው 2ኛን ያስገቡ። በዚህ መንገድ ድምፁ ከጠፋ ነገሩ ያለው በሲንክሮናይዘሩና በዘይቱ መካከል ነው። ያኔ ዘይት መቀየር ተስፋ ያለው ሕክምና ነው።

ሥራውን ራስዎ ከሠሩት ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡ። መኪናዋን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነድተው ዘይቱን ለብ ያድርጉት፤ የሚያቃጥል እስኪሆን ግን አያሙቁት። መኪናዋ ከፍ ስትል አራቱም ጎማ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ፊቷ ብቻ ከተነሳ የሚለኩት ደረጃ ሐሰት ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ከዚያ አስቀድመው የሚፈቱት የመሙያውን ቡሎን ነው፤ የማፍሰሻውን አይደለም። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ማፍሰሻውን ፈትቼ ዘይቱን ጨርሼ ካወረድኩ በኋላ መሙያው እንቢ አለኝ፤ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳው በዝገት ተሞልቶ ነበር፤ ስታገል ማዕዘኑን ፍቄ ክብ አደረግኩት። መኪናዋ አንድ ጠብታ ዘይት ሳይኖራት ሁለት ቀን በድጋፍ ላይ ቆመች። መሙያው ካልተፈታ ማፍሰሻውን አይንኩ። የትኛው ቡሎን የቱ እንደሆነም ከመጽሐፉ ያረጋግጡ፤ በአንዳንድ ካምቢዮዎች ላይ ማፍሰሻ የሚመስለው ቡሎን የማርሽ መምረጫውን ኳስና ስፕሪንግ የያዘ ነው፤ ቢፈቱት ውስጡ ይበተናል። የሞተር ዘይት አፈስሳለሁ ብሎ የካምቢዮውን ያፈሰሰ፣ ቀጥሎም ሞተሩ ላይ እጥፍ ዘይት የጨመረ ሰውም ጥቂት አይደለም። የተለየ መሙያ ቀዳዳ የሌላቸው፣ የኋላ ማርሽ መብራትን በሚያበራው ስዊች ቀዳዳ ወይም በላይ በኩል የሚሞሉም አሉ።

የወጣውን ዘይት ወዲያው አይድፉት፤ በካምቢዮው ውስጥ ስላለው ነገር ሳይፈታ የሚያገኙት ዋና መረጃ እሱ ነው። በማፍሰሻው ቡሎን ላይ ማግኔት ካለ በላዩ የተጋገረ ግራጫ ጭቃ ያገኛሉ። በሁለት ጣት መካከል ይሹት። እንደ ቅባት ከለሰለሰና ምንም ካልጎረበጠ የ140,000 ኪሎ ሜትር ተራ ፍቃቂ ነው፤ ብዛቱ አያስደንግጥዎ። የሚጎረብጥ ስንጥር ወይም ጠርዝ ያለው የብረት ቁራጭ ካገኙ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነው፤ የትኛውም ዘይት አያድነውም። ከዚያ ዘይቱን በብርሃን ፊት ዘንበል አድርገው ይመልከቱት። በውስጡ ወርቅ የተነሰነሰበት ይመስል የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ከሲንክሮናይዘሮቹ የመጣ ነሐስ ነው። ጥቂት መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ ዘይቱን ሁሉ ካቀለመው ግን ቀለበቶቹ እያለቁ ነው። ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ጎርፍ የተሻገረች መኪና ላይ ይህ ሲታይ መቀየሩ ለነገ አይባልም። የወጣውን መጠንም ይለኩት። መጽሐፉ 2 ሊትር ይይዛል ብሎ የወጣው 1.2 ከሆነ ችግርዎ እርጅና ሳይሆን መፍሰስ ነው፤ የጎማ ዘንጎቹ ከካምቢዮው የሚወጡባቸውን ማገጃዎች ይመርምሩ።

ጠብታው እስኪቋረጥ ሩብ ሰዓት ያህል ከጠበቁ በኋላ ማግኔቱን ጠርገው፣ አዲስ ሮንዴላ አድርገው ማፍሰሻውን ይዝጉ። የካምቢዮው አካል አሉሚኒየም፣ ቡሎኑ ግን ብረት ስለሆነ ሲጠብቅ የሚሸነፈው ቀዳዳው ነው። ትክክለኛው ኃይል በመጽሐፉ አለ። ለምሳሌ 40 ኒውተን ሜትር ቢል፣ 25 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 16 ኪሎ ያህል መሳብ ማለት ነው፤ በሁለት እጅና በሙሉ ክብደት መጎተት አይደለም። ከዚያ በፓምፕ ወይም ከላይ በተንጠለጠለ ቱቦ አዲሱን ዘይት በቀስታ ይሙሉ። በአብዛኞቹ ካምቢዮዎች ላይ ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ጋር ሲስተካከልና ተርፎ መውረድ ሲጀምር በቃ ማለት ነው፤ አንዳንዶቹ ግን በልክ ተለክቶ የሚገባ መጠን አላቸው። ጥቂት ይትረፍ ማለት አይጠቅምም፤ የበዛ ዘይት ይንተከተካል፣ አረፋ ያወጣል፣ በማገጃዎቹ በኩል መውጫ ይፈልጋል። መጉደል ግን ከመብዛት ይከፋል። በብዙ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖች 5ኛ ማርሽ ከሌሎቹ ተነጥሎ በካምቢዮው ጫፍ ስለሚቀመጥ ዘይት ሲጎድል ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው፤ ያውም ለረጅም ሰዓት በፍጥነት በሚነዳበት ማርሽ። የወጣውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን ይዘው ያገለገለ ዘይት ለሚረከብ ቦታ ይስጡት እንጂ አፈር ላይ ወይም ቱቦ ውስጥ አይድፉት።

ስለ ናፍጣው አጥብቄ እናገራለሁ፦ አያድርጉት። ናፍጣ የሚያጥበው ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን በጥርሶቹና በኩሽኔታዎቹ ላይ ያለውን የዘይት ሽፋን ጭምር ነው። ናፍጣ ሞልተው ካምቢዮውን ለጥቂት ደቂቃ ማዞር ማለት ብረት በብረት ላይ ያለ ዘይት ማስኬድ ነው። ከዚያም ሁሉንም ማውጣት አይቻልም፤ በየጎድጓዳው የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ይልቁንም የወጣው ዘይት በጣም የከፋ ሆኖ ካገኙት አዲስ ዘይት ሞልተው ከ1,000 እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ይቀይሩት። ዘይት ራሱ ከሁሉ የተሻለ ማጠቢያ ነው፤ ሁለት ሦስት ሊትር ተጨማሪ ዘይት ደግሞ ከካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ጩኸት ያጠፋሉ፣ ማርሽ ያለሰልሳሉ ተብለው በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡ ተጨማሪ ቅመሞችንም ይተዋቸው። ብዙዎቹ ማንሸራተትን የሚጨምሩ ናቸው፤ ሲንክሮናይዘር የሚፈልገው ደግሞ የዚያን ተቃራኒ ነው።

ከቀየሩ በኋላ ማርሹ በመጀመሪያው ቀን ከበፊቱ ለየት ብሎ ቢሰማዎ አይደንግጡ። በማግስቱ ከሥሯ ጠብታ መኖሩን ይመልከቱ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ደረጃውን፣ ዘይቱ ቀዝቅዞ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ይዩ። ለወደፊቱ መጽሐፉ ጊዜ ከወሰነልዎ በዚያ ይሂዱ። «ዕድሜ ልክ» ብሎ ካለፈው ግን እኔ በየ80,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይረዋለሁ፤ ጭነት የሚበዛባት፣ ተጎታች የምትስብ ወይም ቀኑን ሙሉ ቆም ሄድ የምትል ከሆነች በየ50,000።

በአዲሱ ዘይት 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱና 2ኛ ማርሽን ያዳምጡት። የጠዋቱ ድምፅ ጨርሶ ከጠፋ ጉዳዩ አልቋል። ከቀነሰና በጣም በቀዘቀዘ ጠዋት ብቻ ከቀረ ቀለበቱ በከፊል አልቋል ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሮች ማርሹን ሳይቸኩሉ እያስገቡ ዓመታት ሊያስኬዱት ይችላሉ። ሲሞቅም መፋጨት ከጀመረ ግን ሌላ ዘይት እየገዙ አይሞክሩ፤ ካምቢዮው ወርዶ የ2ኛው ቀለበት ይቀየር፤ በዚያው መቆለፊያው ይታይ፤ ካምቢዮው ከወረደ ላይቀር ፍሪሲዮኑም አብሮ ይመርመር።